ከፎርክሊፍቱ ኋላ የቆሙት ጋሼ

አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ አልችልም። ሻይ ስጠጣ እግሬ ይርገበገባል፤ ታክሲ ስጠብቅ ሰልፉ ያሰለቸኝና ሦስት ፌርማታ በእግሬ ሄጄ እዚያ ደግሞ እሰለፋለሁ። እናቴ በልጅነቴ «ይሄን ልጅ ከውስጡ የሚያባርረው ነገር አለ» ትል ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ሥራው ቁጭ ብሎ ዙሪያን መቃኘትና መጠበቅ በሆነ ማሽን ላይ መውጣቱ የእግዜር ቀልድ ይመስለኛል። ለሦስት ዓመት ያህል መርካቶ ውስጥ፣ ከራጉኤል ወደ ምን አለሽ ተራ በሚወርድ አንድ ቁልቁለት ላይ፣ የአንድ መጋዘን ፎርክሊፍት ሹፌር ነበርኩ።

ፎርክሊፍት ከፊቱ ሁለት ረጃጅም የብረት ሹካዎች ያሉት፣ ከኋላው ደግሞ ከባድ ብረት የታሰረበት አጭር መኪና ነው። የኋላው ብረት የተቀመጠው ለጌጥ አይደለም። ከፊት ያለው ጭነት ከኋላው ከበለጠ፣ ማሽኑ እንደ ሚዛን ወደ ፊት ይደፋል። በመርካቶ ሰው አፍ የኛው ስሙ «ቀንዳሙ» ነበር። ዝገቱ ቀለሙን በልቶት፣ ስንት ኪሎ እንደሚችል የሚናገረው ሰሌዳ ተፍቆ፣ ከየት እንደመጣ ማንም የማያውቀው አሮጌ ማሽን ነው።

ያሠለጠነን ሰው ሕጉን በቀን አሥር ጊዜ ይደጋግምልን ነበር። ጭነት ይዘህ ስትሄድ ሹካው ከመሬት ከአንድ ስንዝር አይበልጥ። ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ምን ጊዜም ወደ ዳገቱ ይሁን፤ አንተ በኋላ ማርሽ ውረድ። ከሹፌሩ በቀር ነፍስ ያለው ነገር ማሽኑ ላይ አይውጣ። ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፍኩ። ማወቁ አልቸገረኝም፤ የሚቸግረኝ ማድረጉ ነው። መርካቶ ደግሞ የሚታገሥ ሰው የሚፈጠርበት ቦታ አይደለም። ከፊትህ ቦንዳ የተሸከመ «ጀርባህን!» እያለ ይመጣል፣ ከጎንህ ጋሪ ይገፋል፣ ከኋላህ ክላክስ ይጮሃል፤ አንተ መሀል ላይ ሆነህ በሥልጠናው ደንብ መሠረት ግራና ቀኝ እያየህ ነው። ይሄን ማድረግ የቻልኩት ለሁለት ሳምንት ያህል ነው።

መጋዘኑ በር ላይ የጫኝና አውራጅ ማኅበር ነበር። አሥራ አራት ሰዎች ናቸው። በዚያ መንገድ የሚወርድም ሆነ የሚጫን ነገር ያለ እነሱ እጅ አይነቃነቅም። ባለመጋዘኑ ፎርክሊፍቱን ያመጣ ቀን ሥራ ጥለው በሩ ላይ ቆሙ አሉ፤ እኔ ያኔ አልተቀጠርኩም። በሽማግሌ ተዳኝተው የታረቁት እንዲህ ተብሎ ነው። ማሽኑ ያነሳው ጭነት ማኅበሩ እንዳነሳው ይቆጠራል። ነገር ግን የማኅበሩ የቆየ ሕግ አካሉ ጭነት ላይ ያላረፈ ሰው ድርሻ የለውም ይላልና፣ ማሽኑ በሠራ ቁጥር ሁሉም የሚነካው ነገር መፈለግ ነበረበት። አንዱ ከጎማው ሥር ታኮ ያስገባል። ሁለቱ ከጎን ይደግፋሉ። ጭነቱ ከማሽኑ አቅም በላይ ሲሆን ደግሞ ሁለት ሦስት ሰው ከኋላው ብረት ላይ ወጥቶ ይቆማል፤ ፊቱ እንዳይደፋ ኋላውን በሰውነቱ ያከብደዋል። ይህን «ሚዛን መውጣት» ይሉታል። አሠልጣኛችን ቢያየው ራሱን ስቶ ይወድቅ ነበር።

ሚዛን ለመውጣት ሁልጊዜ የሚቀድሙት ጋሼ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ከጎጃም በጉርምስናቸው መጥተው ዕድሜያቸውን በሙሉ መርካቶን በትከሻቸው ሲያጓጉዙ የኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ ሰው ናቸው። እኔ ስደርስ ወገባቸው ከድቷቸው ነበር። ግማሽ ኩንታል እንኳ ማንሳት አይችሉም። ቀጭን ናቸው፤ እንደ ሚዛን ካየናቸው አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ይበልጣቸዋል። ማኅበሩ ግን «ጋሼ፣ ሚዛን» ሲል እሳቸው ፈጥነው ይወጣሉ፣ ከሹፌሩ ወንበር በላይ ያለውን የጣሪያ ዘንግ በሁለት እጃቸው ይይዛሉ፤ አካላቸው ጭነት ላይ አረፈ ማለት ነው። ሰውየውን ሳያዋርዱ የሚያኖሩበት ዘዴ ነበር። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገረውም።

አንድ ቀን ቆጣ ብዬ ነገርኳቸው። እዚህ ላይ መቆም ክልክል እንደሆነ፣ ሰው ሲሞት እንዳየሁ ሁሉ አጋንኜ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰምተውኝ ሲያበቁ፣

«ታዲያ የት ልቁም ልጄ?» አሉኝ።

ማሽኑን አስነሳሁ።

ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ቀን፣ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ባለመጋዘኑ ጥግ ላይ ተጥሎ የኖረ ቶርኖ ነበረው፤ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ያ ግዙፍ ማሽን። ምን አለሽ ተራ ላለ ብረት ሠሪ ሸጦት፣ የሚወስደው መኪና ቁልቁለቱ ግርጌ ቆሟል። መኪናው መንገዱን ዘግቶታል። ከኋላው ያሉት ክላክሳቸውን ያቀልጡታል፣ ትራፊኩ ፊሽካውን ከአፉ አያወርድም፣ ባለመጋዘኑ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ በሌላው እጁ እኔን ያጣድፋል። ቶርኖው ስንት እንደሚመዝን ጠየቅኩት። ቀላል ነው አለኝ። መርካቶ ውስጥ የሸጠ ሰው ዕቃው ሁሉ ቀላል ነው።

ሹካዎቹን ከሥሩ አስገብቼ ሳነሳ የኋላዎቹ ጎማዎች ከመሬት ተላቀቁ። ማሽኑ በራሱ ቋንቋ አልችልም ማለቱ ነው። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ክሬን ይምጣ፣ ወይም ቶርኖው ተፈታትቶ ይውረድ ማለት ነበረብኝ፤ ለዚያ ነው ደሞዝ የሚከፈለኝ። ዞሬ ግን ሚዛን ይውጣ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ ቃሉ የወጣው ከእኔ አፍ ነው።

ጋሼ እንደ ልማዳቸው ቀድመው ወጡ። ከማኅበሩ ልጆች ሁለት ጎረምሶች ተከተሏቸው። ኋላው ከበደ፣ ጎማዎቹ መሬት ነኩ፣ ከመጋዘኑ ወጣን። አሁን በደንቡ መሠረት ማሽኑን አዙሬ፣ ቶርኖው ወደ ዳገቱ ሆኖ፣ እኔ በኋላዬ መውረድ ነበረብኝ። ለመዞር ግን ጠርዙ ላይ ሸቀጥ ያነጠፉትን ማስነሳት፣ ጋሪዎቹን ማስጠጋት፣ ሰውን መለመን አለ። ምናልባት አሥር ደቂቃ። አሥር ደቂቃ መቀመጥ አቃተኝ። ከዚህ የበለጠ ምክንያት ፈልጌ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ የለም።

ፊቴን ወደ ቁልቁለቱ አድርጌ ወረድኩ። ቶርኖው ዓይኔን ሞልቶታል። የማየው የዛገ ብረት ብቻ ነው፤ መንገዱን የማውቀው በግራና በቀኝ በሚያልፉት ግድግዳዎች ነው። ሃያ እርምጃ ያህል እንደወረድን ማሽኑ ከእግሬ በላይ መፍጠን ጀመረ። ደነገጥኩና ፍሬኑን ረገጥኩት። ቀስ ብዬ መያዝ ሲገባኝ በሙሉ እግሬ ረገጥኩት። ፊቱ ተደፋ፣ ኋላው ተነሳ፣ መሪው እጄ ላይ ቀለለኝ።

ከኋላዬ «ዝለል!» የሚል ሰማሁ። በትንሿ መስታወት ሁለቱ ጎረምሶች ሲዘሉ አየሁ። እነሱ ሲወርዱ ኋላው ይበልጥ ተነሳ፤ ወንበሬ ላይ ሆኜ ወደ መሪው ተደፋሁ። ከራሴ በስተኋላ ባለው ዘንግ ላይ ግን ሁለት እጆች ነበሩ። ጋሼ እግራቸው ከመቆሚያው ተንሸራቶ አየር ላይ ቀርቷል፤ በእጃቸው ብቻ ተንጠልጥለው በሙሉ ሰውነታቸው ማሽኑን ወደ ኋላ ይጎትቱታል። ጅማታቸው ተገትሮ ይታየኛል። ማሽኑ ልወድቅ አልወድቅ እያለ አመነታ። ያን ጊዜ ሹካውን አወረድኩና ቶርኖው ከነሙሉ ክብደቱ መሬት ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ሲቀልለት ኋላው በአንድ ጊዜ ወረደ፣ ጎማውም የጋሼ ግራ እግር ላይ አረፈ።

አልጮኹም። ከባድ ዕቃ ሲያወርዱ እንደሚሉት «እህ» ብቻ አሉ።

ሰዎች ማሽኑን ከፍ አድርገው አወጧቸው። ባለመጋዘኑ እየሮጠ ደረሰ፤ መጀመሪያ ያየው ቶርኖውን ነበር፣ ከዚያ ጋሼን፣ ከዚያ እኔን። ማን ነው እንዲህ ያደረገው ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ከዚህ በፊት አንድ ዕቃ ሰብሬበት፣ ሌላ ጥፋት ካየ ቁልፉን እንደሚቀማኝ በሰው ፊት ነግሮኝ ነበር። ሚስቴ ደግሞ የመውለጃ ወሯ ገብቷል፤ ይህንንም መጋዘኑ ሁሉ ያውቃል። አፌን ከፈትኩ። ከመሬት የጋሼ ድምፅ ቀደመኝ።

«ልጁን ተወው። እጄ ከድቶኝ ነው፤ እኔ ነኝ የለቀቅኩት።»

የከፈትኩትን አፌን ዘጋሁት። ሁለቱ ጎረምሶች መሬት መሬት ያያሉ። ሰብሳቢው፣ የማኅበሩ መሪ ማለት ነው፣ በዚያ ሰዓት ሌላ በር ላይ ስለነበር ያየው ነገር የለም። ሲመጣ የሰማው ጋሼ ራሳቸው የተናገሩትን ነው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ።

ለምን እንደተለወጠ ለመረዳት የማኅበሩን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። በእነሱ ዘንድ ሁለት ዓይነት መውደቅ አለ። ጭነት ጥሎት የወደቀ ሰው አለ፤ እሱ የማኅበሩ ቁስለኛ ነው። በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰብሳቢው ስም ሲጠራ የእሱም ስም ይጠራል፣ የቀሩት በአንድ ድምፅ «አለ» ይሉለታል፣ ድርሻውም እስኪድን ድረስ ቤቱ ይሄዳል። ሌላው ደግሞ ጭነት የለቀቀ ሰው ነው። አሥራ አራት ሰው በአንድ ብረት ሥር ሲገባ አንዱ ከለቀቀ የቀሩትን ነው የሚገድላቸው። ስለዚህ የለቀቀ ሰው ስሙ አይጠራም። አንድ ኩንታል ስኳር የሰረቀ ሰው ይቅር ተብሎ አይቻለሁ፤ የለቀቀ ሰው ይቅር ሲባል ግን አላየሁም። ጋሼ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሕጉን ለብዙዎቹ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ሰኞ ጠዋት ሰብሳቢው ስም ሲጠራ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከጋሼ በፊት ያለውን ጠራ፣ ከጋሼ በኋላ ያለውን ጠራ። መሀል ላይ ትንፋሽ እንኳ አልወሰደም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ለእኔ መቀመጥም መቆምም የሌለባቸው ነበሩ። ፎርክሊፍቱን እነዳለሁ፤ ድንገት ያለ ምክንያት አቆምና ወርጄ ጎማውን አያለሁ። ምሳ ሳይደርስ ሦስት ጊዜ ሻይ ቤት እገባለሁ፤ ሻዩ ሳይመጣ እወጣለሁ። ጋሼ በአማኑኤል በኩል ባለ ሰፈር ነው የሚኖሩት። እግራቸው ተሰብሮ፣ ጄሶ ተደርጎለት ተኝተዋል። ብርቱካን ገዝቼ ሦስት ጊዜ እስከ ቅያሱ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። አንደኛውን ፌስታል አንድ ለማኝ ላይ ጣልኩት፤ ሁለቱን መንገድ ላይ እየላጥኩ በላኋቸው። እንዲህ ያለ ብርቱካን ጠላቴም አይብላ።

ሐሙስ ሚስቴ ወለደች። ወንድ ልጅ። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ግን አንድ ቦታ አይረጋልኝም፣ ከደረቴ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ልጁን ታቅፌ ክፍሏን ከግድግዳ ግድግዳ ስመላለስባት ሚስቴ በዓይኗ ትከተለኝ ነበር። በመጨረሻ ምን ሆነሃል አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ፣ ሽማግሌው ለእኔ ብለው የማይባለውን ቃል በራሳቸው ላይ እንዳሉ፣ ብናገር ሥራዬን እንደማጣ። ትመክረኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እጇን ዘረጋችና ልጁን ተቀበለችኝ።

«እንግዲህ ሳትናገር ልጄን አትያዝብኝ» አለች። ግማሹ ቀልድ ነበር። ግማሹ ግን አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት፣ ስም ሲጠራ፣ ከማሽኑ ላይ ወርጄ መሀላቸው ገባሁ። እንዴት አድርጌ እንደምናገር ሌሊቱን ስደረድር ነው ያደርኩት፤ ቆሜ ስገኝ የደረደርኩት ሁሉ ጠፋኝ። ሰብሳቢው ወረቀቱን ይዞ እስኪጨርስ መጠበቅ ነበረብኝ፤ እንደ ልማዴ አልጠበቅኩም።

«ጋሼ አልለቀቁም» አልኩ። «ቁልቁለቱን በፊቴ የወረድኩት እኔ ነኝ። ፍሬኑን የረገጥኩት እኔ ነኝ። ሁሉም ሰው ሲዘል የያዙት እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ሰብሳቢው ዓይኑን ወደ ሁለቱ ጎረምሶች አዞረ። አንደኛው ፊቱን አዞረ። ሁለተኛው ራሱን አቀርቅሮ ለጫማው የሚነግረው ይመስል «እኛ ነን የዘለልነው» አለ። ማንም አልተሳደበም። በሌላ ቀን ቢሆን መርካቶ በዚህ ነገር ይናወጥ ነበር። ያን ጠዋት ግን ሰብሳቢው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ያለ ወረቀት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የጋሼን ሙሉ ስም ከነአባታቸው ጠራ።

«አሉ!» አለ ማኅበሩ በአንድ ድምፅ።

እኔም አብሬ ብዬ ነበር መሰለኝ።

ፍርዱ ረጅም አልነበረም። ጋሼ እስኪነሱ ድረስ ተራቸውን እኔ እንድሸከም ተወሰነ። ማሽን ላይ ተቀምጬ ሳይሆን በትከሻዬ። ሁለቱ ጎረምሶች ደግሞ እሳቸው እስኪነሱ ድረስ በየቀኑ ጋሼ ቤት ሄደው ውኃ ሊቀዱ፣ ሊያጥቧቸው። ባለመጋዘኑ በዚያው ቀን ቁልፉን ተቀበለኝ። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ቁልፉን እወስድ ነበር፤ አልተቀየምኩትም። ፎርክሊፍቱ ሸራ ለብሶ ጥግ ያዘ።

ሸክም እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ጭነት አነሳለሁ ስል በእጄ ያነሳሁት የሹካውን ማንሻ ዘንግ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቀን አንድ ቦንዳ ጀርባዬ ላይ ሲያደርጉብኝ ጉልበቴ ታጥፎ ልቀመጥ ምንም አልቀረኝም። ወገብህን ሳይሆን ጉልበትህን እጠፍ ይሉኛል፣ ትንፋሽህን አትያዝ፣ ዓይንህን መሬት አትትከል፣ ከመነሳትህ በፊት የት እንደምታወርደው እይ። አሠልጣኜ የሚለኝን ነው የሚሉኝ፤ እሱ ሲለኝ ግን የሚያመኝ ነገር አልነበረም። መቸኮል ስጀምር ከፊቴ የሚሸከመውን ሰው ተረከዙን እረግጠዋለሁ። ማታ ስገባ ሚስቴ ትከሻዬን በቅቤ ታሸኛለች፣ ልጁንም ትሰጠኛለች።

እሑድ ጋሼ ቤት ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ቅያሱ ላይ አልተመለስኩም። አልጋቸው ላይ ጋደም ብለዋል፤ ጄሶው ትራስ ላይ ተሰቅሏል። ይመርቁኛል፣ ቢያንስ ደህና አደረግህ ይሉኛል ብዬ ነበር፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ያንን ፈልጌ ነው የሄድኩት። እሳቸው ግን ተቆጥተው ነበር የጠበቁኝ። ለምን ተናገርክ አሉኝ። የሰጠሁህን መለስክብኝ አሉኝ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ስሜ ቢጠራም ባይጠራም ነገ ከነገ ወዲያ ሌላ ጠሪ ይጠራኛል፤ አንተ ግን ልጅ ይዘህ ሥራ ፈት ልትሆን ነው አሉኝ። ሲደክማቸው ውኃ ሰጠኋቸው።

ከዚያ በሆዴ ሲጉላላ የከረመውን ጥያቄ ጠየቅኳቸው። ሁለቱ ልጆች ሲዘሉ እርስዎ ለምን አልዘለሉም? ጭነት አይለቀቅም ስለሚል ሕግ ነው? በልቤ የማኅበሩ ክብር፣ የድሮ ሸካሚ ኩራት የሚል መልስ አዘጋጅቼላቸው ነበር። ጋሼ ኩባያውን አስቀመጡና አተኩረው አዩኝ።

«ሴትዮዋ ደህና ናት?»

«የቷ ሴትዮ?»

«ሎሚ የምትሸጠው። ከሹካው ፊት፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጣ የነበረችው። ሎሚዋ ተንከባሎባት አጎንብሳ ትለቅም ነበር። ብለቅ ቶርኖው እሷ ላይ ነው የሚያርፈው።»

ያን ቅዳሜ በአእምሮዬ ስንት መቶ ጊዜ እንደወረድኩበት እግዜር ያውቀዋል፤ ቶርኖውን፣ ፍሬኑን፣ ዘንጉ ላይ ያሉትን እጆች፣ ሁሉንም ደጋግሜ አይቻለሁ። በዚያ ሁሉ ውስጥ አንዲት ሴት አልነበረችም። ጋሼ ከኋላ ከፍ ብለው፣ ራሳቸውን ወደ ጎን አውጥተው ስለቆሙ አይተዋታል።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አላየኋትም» አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉ። «አለማየትህን አይቼ ነው የያዝኩት።»

ቁጣቸው ያለፈ ይመስል ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለ ልጄ ጠየቁኝ፣ ክርስትናው መቼ እንደሆነ፣ የእናቱ ጡት ወተት አለው ወይ። መለስኩላቸው መሰለኝ። ስወጣ ዝናብ ያካፋ ነበር፤ ጃንጥላ ሳልዘረጋ ነው ቤት የደረስኩት።

ሰኞ ተራዬ ከመድረሱ በፊት ቁልቁለቱን ወረድኩ። እዚያው ነበረች። ከእናቴ ብዙ የማትበልጥ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች፣ ሎሚውን በአምስት በአምስት ደርድራ ማዳበሪያ ላይ ያስቀመጠች ሴት። ቶርኖው ያረፈበት ድንጋይ ከእግሯ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተሰንጥቆ ይታያል። በየቀኑ አልፌያታለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ ስወጣና ስወርድ ሎሚ የሚሸጥበት መሆኑን አላውቅም ነበር። ልነግራት ነበር የመጣሁት፤ ፊቷ ቆሜ ግን ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። እሷ የቅዳሜውን ነገር አንድ ማሽን ተበላሽቶ እንደነበረ ብቻ ታስታውስ ይሆናል፤ ወይም እሱንም አታስታውሰው ይሆናል። እየተጋፋ የሚያልፈው ሰው ገፋ ገፋ ሲያደርገኝ አልተነቃነቅኩም። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ ለእኔ ግን ብዙ ነበር።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። ገዢ አለመሆኔ ገብቷታል።

«አንተ ልጅ፣ ቆመህ ከለልከኝ» አለችኝ። «ዞር በል፣ ሰው ይየኝ።»

ዞር አልኩላት።